ሰምና መዳብ

ገና ሳይነጋጋ፣ በኅዳር ማለዳ፣
ሃልሽካ ገባች ከሆስፒታሉ ጓዳ።
ቭሮትስዋፍ ተኝታለች፤ ትራሙ ብቻውን
ደወሉን ያሰማል፣ ይጠርጋል ጭጋጉን።
ከብረት ትሪው ላይ የተኛ የሰም ጡብ፣
በሰሙ ውስጥ ሥጋ፣ ከጥፍር የሚጠብ፤
ስም የለው፣ ፊት የለው፣ ቁጥር ተጽፎበት፣
አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት፣
ዝም ብሎ ይጠብቃል ስለት እስኪያርፍበት።

ማሽኑን አዞረች። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ
ተጠቀለለ ሰሙ ከስለታም ምላጭ፤
ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት አንሳፈፈች፣
በመስታወት ቁራጭ ከሥሩ ቀለበች።

ሰም ሲቀልጥ ወርቁ ይገለጣል ይላል
እኔ ያደግሁበት ቋንቋ፤ ልክ ይመስላል።
እዚህ ግን እንጃ።

ሰሙን አቀለጠች፣ በዛይሊን አጥባ፣
ጸረ-አካል አጠጣች፣ ጠብታ አንጠባጥባ፤
ሰዓቷን ቆጠረች። ሻይዋ ቀዘቀዘ።
ሥጋው ቀስ በቀስ ቡናማ ቀለም ያዘ፤
የአሮጌ ሳንቲም መልክ፣ ሺህ እጅ የዳሰሰው።
ወርቅ አይደለም፤ መዳብ።
መዳብም አይደለም፤ መዳብ ጨባጩ ነው።

ሜታሎታዮኒን ይሉታል ሊቃውንት፣
ሃያ የድኝ ጣቶች የተሰጡት ፍጥረት፤
ባዶውን ልፍስፍስ ነው፣ መልክም ቅርጽም የለው፣
ቅርጽ የሚያገኘው ሸክም ሲይዝ ነው።
ሴል መዳብ ሲያጣ ይደክማል፣ ሲበዛ ይቃጠላል፤
እሱ ትርፉን ሰብስቦ በልክ ይሰፍርለታል።
ታማኝ ጎተራ ጠባቂ። አንድ ጥፋት አለው፦
ማን እንደቀጠረው አይጠይቅም። ያው ነው፤
ለደጉ ሴል ጋሻ፣ ለከፋውም ጋሻ፣
እስከ መጨረሻ።
መድኃኒቱን ሳይቀር እንደ መርዝ ቆጥሮ
በሃያ ጣቶቹ ይይዘዋል አስሮ።

ዶክተር ቪቶልድ አጎንብሶ በሌንሱ አየና
ሦስት ፕላስ ጻፈ፤ ጥቂት ዝም አለና
አንዴ ደግሞ አየ።
እንዲህም ሒሳብ አለ፣ ሲደምሩት የሚያጎድል፣
ከወረቀት ተነሥቶ ዕድሜ የሚነድል።
ሃልሽካ ግን አታውቅም፤ ሌላ ጡብ አንሥታለች፣
የቀዘቀዘውን ደፍታ ትኩስ ሻይ ቀድታለች።

ሉቢን ላይ፣ ከመዳቡ ከተማ፣ ቁጥሩ ስም አለው።
ሉድቪካ ትባላለች። ባሏ ጌራርድ ነው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ከምድር ሆድ ገብቶ
መዳብ ሲፈለፍል፣ ሲመለስ አምሽቶ፣
ቱታውን የምታጥብ እሷ ናት፤ ከባልዲው ሥር
አረንጓዴ ደለል ሁልጊዜ ይቀር ነበር።

ሐኪሙ «መዳብ» ሲል ጌራርድ ደነገጠ፣
ኮፍያውን በእጁ ጨመቀ፣ ጨበጠ፦
«ከኔ ነው? ከልብሴ? ከዚያ ከአቧራው?»
«አይደለም» አለ ዶክተሩ፣ «ፕሮቲኑን የሚሠራው
ገላዋ ራሱ ነው። ያንተም ይሠራዋል።»
ጌራርድ ሰማ። ማመኑን ማን ያውቃል።

እሷ ግን «ምን ማለት ነው?» አለች።
«ትንበያ ነው፣ ትንቢት አይደለም» አለ ቪቶልድ፤
«እንዲህ የደመቀባቸው መቶ ሴቶች ብንወስድ፣
በሽታው ቶሎ የሚመለስባቸው ይበዛሉ።
የሚያመልጡም አሉ።»
ሉድቪካ አሰበች፤ መስኮቱን እያየች
«ከመቶው ስንተኛዋ ነኝ?» ብላ ጠየቀች።
መልስ አልነበረውም።

ኅዳር ሳይወጣ ነው የቅድስት ባርባራ በዓል፤
ቆፋሪ ሁሉ ባለ ላባ ባርኔጣ ይደፋል።
ጥቁሩን ላባ እሷ በብሩሽ ታበጥራለች፣
እንዳምናው፣ እንዳቻምናው። ጨረሰች፣ አየች፣
እንደገና አበጠረች።
ጌራርድ ብሩሹን ወስዶ አስቀመጠ፤
እጆቿን ያዘ በሁለት እጁ፤
አሥር የሱ ጣት፣ አሥር የሷ።
የሰልፈኞቹ አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ ከደጁ።
ማናቸውም አልለቀቁ።